ትበራለች፦ በረረች ወይስ በራች?

ጥያቄ፦ «ስለ ሐሩር ደን ነፍሳት ለተማሪዎች የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የምትኖረው ፉልጎራ ላተርናሪያ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ ‹ይህች ፌንጣ ራሷ ረጅም ነው፤ ጭንቅላቷ ግን ባዶ ነው። ስትደነግጥ ትበራለች። በአፏ የዛፍ ግንድ ትነክሳለች። አንቴናዋ ዓይኗ ሥር ነው። ከፉልጎራ ዝርያ የሆነች የግማሽ ክንፎች ዝርያ ናት።› ያነበቡልኝ ሁሉ የተለያየ ነገር ተረዱ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

መልስ፦ ከአጭሯ ዓረፍተ ነገር ልጀምር። «ስትደነግጥ ትበራለች።» ምን ታደርጋለች? ክንፏን ታነሳለች ወይስ ብርሃን ትሰጣለች?

በአፍ ሲነገር ችግር የለም። የመብረር ሲሆን «ራ» ይጠብቃል። የመብራት ሲሆን ይላላል። ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱም ወረቀት ላይ «ትበራለች» ሆነው ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜ ዙሪያው ያሉት ቃላት ያድኑናል። «ወፏ ትበራለች» ሲባል አምፖል የሚያስብ የለም። «አምፖሏ ትበራለች» ሲባልም ክንፍ የሚያስብ የለም።

እዚህ ግን ዙሪያው ያሉት ቃላት ጭራሽ ያሳስታሉ። የዚህች ነፍሳት ስም ራሱ ብርሃን ነው። «ላተርና» በላቲን ፋኖስ ማለት ነው። «ፉልጎራ» ደግሞ ከመብረቅና ከብልጭታ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የተባለች ጀርመን የተወለደች ሠዓሊና የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1699 እ.ኤ.አ. ወደ ሱሪናም ሄደች። በ1705 ባሳተመችው መጽሐፏ የዚህች ነፍሳት ራስ ማታ ማታ እንደሚያበራ፣ በብርሃኑ ጋዜጣ ማንበብ እንደሚቻል ጻፈች። ለፍጥረታት ሳይንሳዊ ስም በማውጣት የታወቀው ስዊድናዊ ተመራማሪ ሊኒየስም በ1758 «ላተርናሪያ» የሚለውን ስም ሰጣት። ብርሃኑ ግን የለም። ነፍሳቷ አታበራም። ስሙ ቀረ፣ ስህተቱም ከስሙ ጋር ቀረ።

ስለዚህ ስሙን የሚያውቅ አንባቢ «ስትደነግጥ ትበራለች» ሲል ካነበበ የሚረዳው ብርሃን ነው። እርስዎ ሳያስቡት የሦስት መቶ ዓመት ስህተት በአማርኛ ደገሙት ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱን «ረ» አውጥተው «ትበርራለች» ብለው ይጻፉ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። «ትመጥጣለች» ስንል ሁለቱን «ጠ» እናወጣ የለ? ባናወጣ ኖሮ «የዛፍ ፈሳሽ ትመጣለች» ሆኖ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ራሷ እንሂድ። «ራስ» በአማርኛ የአካል ክፍልም ነው፣ «እኔነት»ም ነው። «ራሷ ረጅም ነው» ሲሉ «ነው» የምትለዋ ቃል አድናዎታለች፤ «ናት» ቢሉ ኖሮ ረጅሟ ነፍሳቷ ራሷ ትሆን ነበር። ሁሌ ግን እንዲህ አይቀናም። «ግንድ ላይ ተለጥፋ ራሷን ትደብቃለች» ብለው ቢጽፉስ? መላ አካሏን ነው ወይስ ራሷን ብቻ? ሁለቱም ያስኬዳል። በዚህ ዓይነት ቦታ «መላ አካሏን» ወይም «ከደረቷ ፊት ያለውን ክፍል» ብሎ መለየት ይሻላል።

ከዚህ ችግር ለማምለጥ «ጭንቅላት» ማለት ያጓጓል። እርስዎም ሞክረውታል። ግን «ጭንቅላቷ ባዶ ነው» በአማርኛ ስድብ ነው። ጭንቅላት ስንል አእምሮም አብሮ ይመጣል። ተማሪ የሚያነበው ነገር ላይ ይህን ማምጣት ነፍሳቷን መበደል ይመስለኛል። ደግሞም ባዶ የሆነው መላው ራሷ አይደለም። ከግንባሯ ወደ ፊት የወጣ ክፍል አለ። ያልተፈለፈለ ኦቾሎኒ ቁርጥ ነው፤ እብጠቱም፣ መሀሉ ላይ መቅጠኑም። ውስጡ ባዶ የሆነው እሱ ነው። ከጎን ጠጋ ብለው ሲያዩት የእንሽላሊት ወይም የአዞ ፊት ይመስላል። የጥርስ ረድፍ የመሰለ መስመር አለው። ዓይን የመሰለ ጉብታም አለው። እውነተኛው ዓይኗ ግን ከዚያ በስተኋላ፣ ከደረቷ አጠገብ ነው። ለዚህ ክፍል አንድ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። «ከግንባሯ ወደ ፊት የወጣው ክፍል» ይበሉት፤ ሁሉም ይገባዋል።

«ፌንጣ» የሚለውን ይሰርዙ። ስለምትዘል ነው የመጣልዎት፣ ይገባኛል። ፌንጣ ግን ሌላ ክፍለ መደብ (በእንግሊዝኛ «ኦርደር» የሚባለው የምደባ እርከን) ውስጥ ነው። ፌንጣ መንጋጋ አለው፣ ቅጠል ያኝካል። ፉልጎራ መንጋጋ የላትም። መርፌ የመሰለ መምጠጫ አላት፤ ሳትጠቀምበት ስትቀር ከሆዷ በኩል በእግሮቿ መሀል አጥፋ ትይዘዋለች። በዝምድና የምትቀርበው ዛፍ ላይ ሆኖ በኃይል ለሚጮኸው ለሲካዳ፣ የተክል ፈሳሽ ለሚመጥጠው ለትንሹ ክሽክሽ፣ አልፎም ለትኋን ነው። እኔ «ተክል ዘላይ» (በእንግሊዝኛ «ፕላንትሆፐር») እላታለሁ። ቃሉ ገና ያልተለመደ ነው፤ ግን የሚለው እውነት ነው። ከዚሁ ጋር «ትነክሳለች» የሚለውም ይታረም። ትንኝ ነከሰችኝ እንላለን፣ ለወግ ያስኬዳል። ስለ አካል አሠራር ሲጻፍ ግን የሚነክሰው ጥርስ ወይም መንጋጋ ያለው ነው። እሷ ትወጋለች፣ ከዚያ ትመጥጣለች።

አንቴናዋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ተክል ዘላዮችን የሚለያቸው አንዱ ዋና ምልክት እዚህ ነው። አንቴናቸው የሚወጣው ከዓይናቸው በታች፣ ጉንጭ ልንለው ከምንችለው ቦታ ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ አንጓዎች ወፍራም ናቸው፤ በተለይ ሁለተኛው ያበጠ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ሲካዳ ግን አንቴናው በሁለቱ ዓይኖች መካከል ነው። እና እርስዎ «ዓይኗ ሥር» ብለዋል። «ሥር» በአማርኛ ከታችም ነው፣ አጠገብም ነው፤ «እናቱ ሥር ቁጭ አለ» ስንል ከታች አይደለም። ልዩነቱ ሁሉ «በታች» እና «መካከል» ላይ በሚያርፍበት ጉዳይ «ከዓይኗ በታች» ብሎ መቁረጥ ግዴታ ነው።

ስለ እግሯ እርስዎ አልጻፉም፤ ምናልባት ቢጨምሩ ብዬ ነው እንጂ ብዙ አልልም። የታችኛውን የእግር ክፍል «ቅልጥም» የሚሉ አሉ። ቅልጥም አጥንትና መቅን ያለው ነው፤ ነፍሳት ደግሞ አጥንት የላቸውም፣ ጠንካራው ከላይ ያለው ቅርፊታቸው ነው። «የእግሯ የታችኛው አንጓ» ቢባል ይበቃል።

ምደባው ላይ ደግሞ «ዝርያ» ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ሁለቱም ቦታ ላይ ቦታው አይደለም። በሳይንስ አማርኛ ደረጃዎቹ ከላይ ወደ ታች ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ ናቸው። ፉልጎራ ወገን ነው። ዝርያው ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲነበቡ ነው፦ ፉልጎራ ላተርናሪያ። አስተኔው ፉልጎሪዴ ይባላል። ከሱ በላይ ተክል ዘላዮችን በሙሉ የሚይዘው እርከን ፉልጎሮይዲያ ነው። «ዴ» እና «ይዲያ» እርከኑን የሚናገሩ መድረሻዎች ስለሆኑ ለማሳጠር ብለው አይቁረጧቸው። «አስተኔ» ለብዙ አንባቢ እንግዳ ነው፤ መጀመሪያ ሲመጣ «ማለትም ቤተሰብ» ብለው ቢያስከትሉ ጥሩ ነው።

«ግማሽ ክንፎች» ያሉት ሄሚፕተራ የሚለውን ክፍለ መደብ ተርጉመው ነው። የግሪኩ ትርጉም ትክክል ነው። ግን ተማሪው ክንፏ የተቆረጠ ሊመስለው ይችላል። ስሙ የወጣው የፊት ክንፋቸው እኩሌታው ጠንካራ፣ እኩሌታው ስስ ከሆነ ዘመዶቿ ነው። የእሷ የፊት ክንፍ እንደዚያ ለሁለት አልተከፈለም። አራቱም ክንፎቿ ሙሉ ናቸው። ሄሚፕተራ እንዳለ ይቀመጥ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ፉልጎራ ላተርናሪያ ከሄሚፕተራ ክፍለ መደብ፣ ከፉልጎሪዴ አስተኔ የምትመደብ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ሐሩር ደኖች የምትኖር ነፍሳት ናት። ከግንባሯ ወደ ፊት ያልተፈለፈለ ኦቾሎኒ የመሰለ ክፍል ወጥቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው። አንቴናዎቿ ከዓይኖቿ በታች ናቸው። የዛፍ ፈሳሽ በመርፌ መሰል መምጠጫዋ ትመጥጣለች። ስትደነግጥ ክንፏን ገልጣ በኋላ ክንፎቿ ላይ ያሉትን ትልልቅ ዓይን መሳይ ምልክቶች ታሳያለች፤ ወይም ትበርራለች። ብርሃን አትሰጥም።»

«ነፍሳት ናት» ማለቴን አይተው «ነፍሳት ብዙ አይደለም እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። በግዕዝ አዎ፣ የነፍስ ብዙ ቁጥር ነው። ግን «አንዲት ነፍስ ግንድ ላይ አየሁ» ብል ማን ነፍሳት ይመስለዋል? ተናጋሪው «አንድ ነፍሳት» ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ እኔም ተቀብዬዋለሁ። ነጠላና ብዙው በግልጽ እንዲለይ ከፈለጉ «ሦስት አፅቄ» እና «ሦስት አፅቄዎች» የሚለው አለልዎት። ራስ፣ ደረትና ሆድ ብሎ አካሉን በሦስት የሚከፍል ስም ስለሆነ ለእርስዎ ጽሑፍ ይስማማል።