ስለ ሪጄን፣ ስለ ባትሪ ርቀትና ስለ ሊማሊሞ ቁልቁለት ጠይቁኝ

ሰላም ጎንደሬዎች። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈራችን እየታየ ነው። ሥራዬ ሞተር ጥቅለላ ነው፤ የምነዳውም በባትሪ የሚሄድ መኪና ነው። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ሪጄን የምንለው ይህንን ነው። የመጣላችሁን ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ረጅም ቁልቁለት አትጀምሩ።

የማራኪው ልጅ፦ መምህር፣ ሪጄን ርቀት ይጨምራል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። መኪናው ሲፈጥንና ዳገት ሲወጣ ባትሪው ይከፍላል። ሪጄን ከዚያ ክፍያ ላይ የተወሰነውን ይመልሳል። ከጎማ ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ደግሞ ተመልሶ ወደ ጎማ ሲሄድ በመንገዱ ይባክናል፤ 100 ብር ሰጥተህ 60 ወይም 70 ብር እንደሚመለስልህ ቁጠረው። ፒያሳ ውስጥ ባጃጅና እግረኛ እያቆመህ ስትሄድ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ወደ ባሕር ዳር ሜዳውን በአንድ ፍጥነት ስትነዳ ግን ከቁጥር አይገባም። ሞተሩ መኪናውን ካልያዘው የሚመለስ ነገር የለም።

ባለ አይዲ ፎር፦ የቮልስዋገኑን አይዲ ፎር ዲ ላይ ልንዳ ወይስ ቢ ላይ?

መልስ፦ ሜዳ ላይ ዲ፣ ማለትም ተራው ማርሽ። እግርህን ስታነሳ መኪናው ዝም ብሎ ይንሸራተታል፤ ወደ ባትሪ ሲመላለስ የሚባክን ኃይል የለም። ቁልቁለትና ጭንቅንቅ ላይ ቢ፤ ሪጄኑን የሚያጠነክረው ማርሽ ነው። ቢ ሁሌም ርቀት ይጨምራል የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ርቀት የሚጨምረው አርቆ ማየት ነው። ፊት ለፊትህ መኪና መቆሙን ካየህ ቀድመህ እግርህን አንሳ። ቢዋይዲ መኪና ያላችሁም ሁለቱን የሪጄን ደረጃዎች በዚሁ መንገድ ተጠቀሙ።

ታክሲ ነጂ፦ እኔ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ ዜሮ ማርሽ አድርጌ ነው የምለቀው። በነዳጅ መኪናም እንዲሁ ነበር የምቆጥበው።

የአዘዞው፦ ወንድሜ፣ አንተ ነህ እንግዲህ ከኋላችን የምታስደነግጠን! የሰው ነፍስ ነው እኮ።

ታክሲ ነጂ፦ ይሄን ሁሉ ዓመት ስነዳ ማንንም አልገጨሁም።

የአዘዞው፦ እስክትገጭ ነው እንዴ የምንጠብቀው?

መልስ፦ ተረጋጉ። ታክሲ ነጂ፣ ዜሮ ላይ ሪጄን የለም። የሚገባልህን ኃይል አጥተህ ፍሬን ሸራህን ትበላለህ፣ መኪናውን የሚይዝልህ ሞተርም አይኖርም። በነዳጅ መኪናም ስህተት ነው፣ በዚህኛው ደግሞ ሁለት እጥፍ ስህተት ነው። ተወው።

ወይዘሮ ከቀዳሜ ገበያ፦ ልጄ፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ መኪናዬ እግሬን ሳነሳ አይይዝም፤ ከሰዓት ግን ይይዛል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እትዬ፣ አልተበላሸም። ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አድሮ 100 በመቶ ሞልቷል አይደል? የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም፤ ስለዚህ መኪናው ራሱ ሪጄኑን ይቀንሰዋል። ባትሪው በብርድ ከቀዘቀዘም እንዲሁ ያደርጋል፤ በብርድ በኃይል መሙላት ሴሉን ይጎዳዋል። እስከ 80 ብቻ እንዲሞላ ያድርጉት፣ ልዩነቱን ያያሉ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት እግርዎ ፍሬኑ ላይ ይሁን።

ሰው፦ የኔ መኪና ቻርጅ ቶሎ ይጨርሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን መኪና? የት ነው የምትነዳው? በስንት ፍጥነት? የጎማህ ንፋስ ስንት ነው? ይህን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስልህ።

ባለ ባጃጅ፦ የኤሌክትሪክ ባጃጅስ ሪጄን አለው?

መልስ፦ አንዳንዱ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ቁልቁለት ላይ እጀታውን ስትለቅ የሚይዝህ ከሆነ አለው።

ተማሪ፦ ሻጩ 600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኝ ነበር። የታለ?

የማራኪው ልጅ፦ ዋሽቶሃል።

ባለ አይዲ ፎር፦ አልዋሸም፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የነገረው።

መልስ፦ ወረቀቱ ላይ ያለው ርቀት የሚወጣው በፈተና ነው። የቻይናው ፈተና በዝግታ የሚነዳበትና ቆም ሄድ የሚበዛበት ነው፤ ሪጄን በደንብ የሚሠራበት ማለት ነው። የአውሮፓው ለተመሳሳይ መኪና ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። የእኛ ዳገት በሁለቱም ውስጥ የለም። ስለ ሻጩ አትጠይቁኝ።

ደባርቅ የሚመላለስ፦ ሊማሊሞን ስወርድ ምን ያህል ይገባልኛል? ጓደኛዬ ግማሽ ባትሪ ሞላሁ ይላል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አብረን እናስላ። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ ከከፍታው የሚለቀቀው ኃይል 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የዚህን ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጎማና ንፋስ ይወስዱታል፤ ከቀረውም ሞተሩና ባትሪው ድርሻቸውን ያነሳሉ። ባትሪው ላይ 3 ኪሎዋት ሰዓት ከገባልህ ጥሩ ነድተሃል። በሜዳ መንገድ ይህ 20 ኪሎ ሜትር ያስኬድሃል። ትንሽ አይደለም፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ግን 5 በመቶ ነው። የጓደኛህ ግማሽ ባትሪ ከዚህ መንገድ አይመጣም።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ርቀቱ አይደለም። ትልቁ ነገር ፍሬኑ ነው። በሪጄን የምትወርድ ከሆነ የፍሬን ሸራህ ሳይግል መጠምዘዣዎቹን ትጨርሳለህ። ደባርቅ አድረህ 100 ሞልተህ ከተነሳህ ግን ሪጄን የለህም ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ክብደት ሸራው ብቻ ይሸከማል። ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ ከበታችህ ደግሞ ገደል ነው። የአይዲ ፎር የኋላ ፍሬን ታንቡር መሆኑንም አትርሱ፤ ታንቡር ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም። 80 ላይ አቁሙና ተነሱ፣ በዝግታ ውረዱ። የዳሽቦርዱ ጠቋሚ ወደ መሙያው በኩል ተኝቶ ከታየ ሞተሩ ይዟችኋል። ወደ ዜሮ ከተመለሰና መኪናው መፍጠን ከጀመረ ፍሬን ያዙ፣ የመንገዱን ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ሸራው ይቀዝቅዝ። ለሁላችሁም ነው የምለው፦ ሞልታችሁ አትውረዱ።

የአዘዞው፦ በሪጄን ብቻ ስወርድ የኋላ የፍሬን መብራት ይበራል? ከኋላዬ ሲኖትራክ ካለስ?

መልስ፦ ጠንከር ብሎ ሲይዝ ይበራል፤ ዓለም አቀፉ ደንብም ያስገድዳል። ለስለስ ሲል ላይበራ ይችላል። ሲኖትራክ ካለ ፍሬኑን በእግርህ ነካ አድርገው።

ሰው ሁለት፦ ሪጄን ካለ ባትሪው ለምን ያልቃል ታዲያ?

መልስ፦ የመጀመሪያው መልስ ላይ አለ። አንብበው።

ደባርቅ የሚመላለስ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለችው ከዛሪማ ስመለስስ?

መልስ፦ ለያንዳንዱ 1000 ሜትር ዳገት ከሜዳው ፍጆታ በላይ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያዝ። ሰውና ዕቃ ከጫንክ ጨምርበት። ሲወርዱ በገባው ተማምኖ ከታች መቆየት አያዋጣም፤ የገባልህ ከሚያወጣህ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ከታች ስትነሳ ባትሪህ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ አትጀምር፤ መጀመሪያ ቻርጅ የምታደርግበትን ቦታ ፈልግ።