ቅጠል ብቻ ለሆነችው ሐረግ ጽጌረዳሽ

ሰላም እህቴ። «ኮምቦልቻ ነኝ፤ ሽታ ያላት ሐረግ ጽጌረዳ አጥሬ ሥር ከተከልኩ 2 ዓመት ሆነኝ፣ ቅጠል እንጂ አበባ የለም» ብለሽ ነበር። ሁሉም ፍግ ጨምሪ ይልሻል። አትጨምሪ! እኔም ተብዬ ጨምሬ ቅጠሉ ጣሪያ ደረሰ። ደሴ ሆጤ ነኝ፣ የኔም ነገር ቁርጥ ያንቺ ነበር። አብሽሪ፣ 3 ዓመት ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ሥሯን እዪ። አፈሩን በእጅሽ ገለጥ አድርጊው። ተገዝታ የመጣች ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ የተዳቀለች ናት፣ እንደ አቮካዶው። ከታች የዱር ጽጌረዳ ሥር ነው፣ ከላይ ደግሞ አንቺ የወደድሻት። መጋጠሚያው እንደ ጉልበት አበጥ ያለ ነው። ከእብጠቱ በታች የሚወጣ ቡቃያ ያንቺ አይደለም፣ የዱሩ ነው።

ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ክረምት ከሥር አንድ ወፍራም ቀንበጥ ተመዘዘ፤ ሲያድግ ዓይንሽ እያየ ነው። ደስ ብሎኝ ሰው እየጠራሁ አሳየሁ። አሮጌዋ ከጎኑ ኮስምና ስትታየኝ፣ ይቺማ ደክማለች፣ ጉልበቱን ለዚህኛው ትተው ብዬ ቆረጥኳት። በገዛ መቀሴ! 350 ብር የገዛኋትን፣ ቀይዋን፣ ሽታዋ በር ላይ የሚቀበልሽን ቆርጬ ጥዬ ለዱሩ ውሃ ሳጠጣ ከረምኩ።

በመጨረሻ አበበ። ነጭ፣ ነጠላ፣ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው አበባ። ጎረቤቴ የሆኑ እናት ቡና ሊጠጡ መጥተው «ውይ፣ ቀጋ ተከልክ? እኛ አገር እኮ ለከብት አጥር ነው» ብለው ሳቁብኝ። (ቀጋን ግን አልንቅም። ያገራችን ጽጌረዳ ነው፣ ይሸታል፣ ልጅ ሆነን ፍሬውን ለቅመን በልተናል። ብቻ 350 ብር አይከፈልበትም።)

ተናድጄ ወደ ሸጡልኝ ሰዎች ሄድኩ። ሰውየው ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ «እኛ የሸጥንልህ ችግኝ ነው፣ አበባ አልሸጥንልህም» አለኝ። እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስትሸጥ «ከታች የሚወጣውን ንቀል» ማለት ስንት ብር ያስወጣል?

2. ከእብጠቱ በታች ቡቃያ ካገኘሽ በመቀስ አትቁረጪው፣ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። አፈሩን ቆፍረሽ ከሥሩ ላይ ከተነሳበት ቦታ ገንጥለሽ አውጪው። ወፍራም ጓንት አድርጊ፣ እሾሁ ምሕረት የለውም። በቅጠሉ ለይ የሚሉሽ አሉ፤ የዱሩ በአንድ ዘንግ 7፣ የኛዋ 5 ናት ይላሉ። ሁልጊዜ አይሠራም። እብጠቱን እመኚ።

3. ሁሉም ከእብጠቱ በላይ ከሆነ ደግሞ እሰየው፣ ችግሩ አስተሳሰሯ ነው። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከወጣች ጫፏ ላይ ብቻ ነው የምታብበው። ረጃጅሙን ቅርንጫፍ ገና ለጋ ሳለ ቀስ አድርገሽ ወደ ጎን አስተኚው፣ አጥሩን ተከትሎ ይሂድ። ያን ጊዜ በየዓይኑ፣ ማለት ቡቃያ በሚወጣበት ነጥብ ሁሉ፣ ቀንበጥ ያወጣል፣ አበባውም በዚያ ላይ ነው። በሽቦ አትሰሪ፣ ይቆርጣታል፤ በአሮጌ ጨርቅ ላላ አድርገሽ እሰሪ። እንደ ተራ ጽጌረዳ በየዓመቱ ከጉልበት በታች ቁረጫት የሚልሽንም አትስሚ። የደረቀውንና ያረጀውን ብቻ አውጪ፣ የጎን ቀንበጦቹን ደግሞ ሁለት ሦስት ዓይን አስቀርተሽ አሳጥሪ።

አራተኛው ውሃ ነበር፤ በጠዋት፣ ሥሯ ላይ፣ ቅጠሏን ሳታረጥቢ። እኛ ጋ የጦሳ ተራራ ጉም ቅጠሏን ያጠቁርብናል፤ እናንተ ጋ ሞቅ ስለሚል ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ይበዛል፣ ሳሙና በውሃ በጥብጠሽ ርጪበት። አጥርሽ ቆርቆሮ ከሆነ ክንድ ያህል አርቂያት፣ በፀሐይ ሲግል ይጠብሳታል።

እኔ አሁን ሌላ አለችኝ። አንድ ወዳጄ ቁራጭ ሰጥቶኝ በራሷ ሥር የበቀለች ናት፣ ስለዚህ ከታች የሚወጣውም እሷው ራሷ ነው። ዘንድሮ በሩን ሞልታዋለች፣ መንገደኛ ቆሞ ያሸታታል፣ አልዋሽሽም ኮራ እላለሁ። ያንቺ የዱሩ ሆና ከተገኘች ክረምቱ ሲገባ የሐረጎን ዳገት ውጪና ቁራጭ እሰጥሻለሁ። እርጥብ ጨርቅና ላስቲክ ይዘሽ ነይ፣ እስክትወርጂ እንዳይደርቅብሽ።