ጥያቄና መልስ፦ ዋቱን ተወው፣ ሳጥኑን አስፋው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለፊልም ማያ የሚሆን ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን የሚያወጣ ስፒከር) ለመግዛት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆየሁ። አሁንም ብዙ አይደለም። ሳሎናችን 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ባለ 8 ኢንች ስፒከር የሆነ፣ ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበት ዝግጁ ዕቃ ልገዛ ስል ጓደኛዬ አስቆመኝ። «በዚሁ ገንዘብ ባለ 12 ኢንች ድራይቨር (ሳጥን የሌለው ባዶ ስፒከር) እና አምፕሊፋየር ግዛ፣ ሳጥኑን ራስህ ሥራ» ይለኛል። እኔ ደግሞ እንጨት ቆርጬ አላውቅም። የማንን ልስማ? (እጁን የፈራው)

መልስ፦ የጓደኛህን ስማ። ግን ሥራውን ከመጋዝ አትጀምር። ከወረቀትና ከእርሳስ ጀምር።

መጀመሪያ ካርቶኑን እንገላገል። እንዲህ በትልቁ የሚጻፍ ዋት ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ጉልበት ነው። አንተ ማየት ያለብህ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን፣ አርኤምኤስ የሚባለውን ነው። እሱ ከትልቁ ቁጥር በጣም ያነሰ ሆኖ ታገኘዋለህ። ቁጥሩ እውነት ነው እንኳ ብንል፣ ዋቱን እጥፍ ስታደርግ የምታተርፈው 3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮህ እጥፍ የጮኸ እንዲመስል ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ይፈልጋል። 10 ዴሲቤል ማለት አሥር እጥፍ ዋት ነው። በዋት ቤዝ መግዛት በርሜልን በማንኪያ እንደ መሙላት ነው።

ቤዝ አየር መግፋት ነው። የባለ 8 ኢንች ስፒከር ኮን (አየሩን የሚገፋው ክብ ክፍል) ስፋት 210 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የባለ 12ቱ 500 ይጠጋል። ከእጥፍ በላይ ነው። ድምፁ አንድ ኦክታቭ ሲወርድ፣ ለምሳሌ ከ40 ሄርዝ (በሰከንድ 40 ውዝዋዜ) ወደ 20፣ በዚያው ጩኸት ለመቆየት አራት እጥፍ አየር መግፋት ግድ ነው። ትንሹ ስፒከር እዚህ ላይ ነው እጁን የሚሰጠው። የፊልም ፍንዳታና ነጎድጓድ ደግሞ ያለው እዚያው ታች ነው።

ስፒከር ሠሪዎች «የብረት ሕግ» የሚሉት ነገር አለ፤ በሆፍማን ስም ይጠራል። ሦስት ነገር ትፈልጋለህ፦ ትንሽ ሳጥን፣ በጣም የወረደ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ። ሁለቱን ታገኛለህ፣ ሦስተኛውን ትለቃለህ። ገንዘብ ያለው ሰው ትንሿን ሳጥን ይመርጥና የጎደለውን በትልቅ አምፕሊፋየር ይሞላዋል። እኔና አንተ ሳጥኑን እናሰፋለን። ከሰብዉፈር አካላት ሁሉ ርካሹ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ነው። የምትከፍለው አየሩን ለከበበው እንጨት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ድራይቨር ስትመርጥ ከመልኩ በፊት የቴክኒክ ወረቀቱን ጠይቅ። ወረቀት የሌለውን አትግዛ። እኔ አንዴ ገዝቼ ሳጥን በግምት ሠራሁለት፤ ድምፁ ባዶ ጀሪካን የሚደበድቡ ይመስል ነበር። ወረቀቱ ላይ አራት ቁጥር ፈልግ። ኤፍኤስ ኮኑ በራሱ የሚወዛወዝበት ሄርዝ ነው፤ ለኛ ሥራ 30 እና ከዚያ በታች ቢሆን ደስ ይለኛል። ኪውቲኤስ ኮኑ ምን ያህል ልጓም እንዳለው ይነግርሃል። ቪኤኤስ በሊትር የሚሰጥ ሲሆን፣ የኮኑን መወጠሪያ ልስላሴ ከአየር ጋር ያነጻጽራል። ኤክስማክስ ኮኑ ሳይንገጫገጭ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት ርቀት ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ሳጥን መቀመር የቻልነው በኔቪል ቲልና በሪቻርድ ስሞል ሥራ ነው። ሁለቱም አውስትራሊያ ውስጥ ነበሩ። ቲል ጽሑፉን ያወጣው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሰፋው። ከዚያ በፊት ብዙው ነገር ሞክሮ ማየት ነበር።

አንድ ባለ 12 ኢንች ድራይቨር እንውሰድ። ኤፍኤስ 26፣ ኪውቲኤስ 0.45፣ ቪኤኤስ 60 ሊትር ይሁን። ዝግ ሳጥን፣ ማለትም አየር የማያስወጣ፣ ልንሠራለት ነው። ድራይቨሩ ዝግ ሳጥን ውስጥ ሲገባ እንዲኖረው ብዙዎቻችን የምናልመው የልጓም ቁጥር 0.707 ነው፤ ቤዙ ሳይወጣጠር፣ ሳይጎረብጥ ለጥ ብሎ የሚሄድበት። 0.707ን ለ0.45 አካፍል፤ 1.57 ይመጣል። በራሱ አባዛው፤ 2.47። 1 ቀንስ፤ 1.47። ቪኤኤሱን፣ 60ውን፣ በዚህ አካፍል። ሳጥንህ 41 ሊትር ገደማ ሆነ። ድምፁ መውረድ የሚጀምርበትን ለማወቅ ደግሞ 26ን በ1.57 አባዛ፤ እሱም 41 ሄርዝ ገደማ ነው። የሁለቱ 41 መገጣጠም አጋጣሚ ነው፣ ምሥጢር አትፈልግበት። ስሌት የሚያስጠላህ ከሆነ ዊንአይኤስዲ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ቁጥሮቹን ብትሰጠው ግራፉን ይሥልልሃል።

«41 ሄርዝ? 20 አላልከኝም እንዴ?» እንደምትል አውቃለሁ። ዝግ ሳጥን ከዚያ በታች ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ በኦክታቭ 12 ዴሲቤል። ክፍልህም ይረዳሃል። ረጅሙ ጎን 5 ሜትር ስለሆነ፣ ከ34 ሄርዝ በታች ክፍሉ ራሱ እንደ ሳጥን ሆኖ ድምፁን መደገፍ ይጀምራል። ድጋፉ በርና መስኮቱ ምን ያህል እንደሚገጥም፣ ግድግዳው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በሚለው ይወሰናል። ያም ሆኖ በወረቀት ላይ የጎደለውን ጥሩ አድርጎ ይመልስልሃል።

አየር የሚያስወጣ ቱቦ ያለው ሳጥንስ? በዚያው ዋት የበለጠ ይጮሃል፣ ይወርዳልም። እኔ ግን ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርህም። የመጀመሪያ ሳጥኔ ባለ ቱቦ ነበር። እቤት ያገኘሁትን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ሰካሁበት። ፊልሙ ውስጥ ፍንዳታ በመጣ ቁጥር ቱቦው ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው «እፍ» ይል ነበር። ለባለ 12 ኢንች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ደግሞ ቱቦው ይረዝማል፦ ለ85 ሊትር ሳጥንና ለ25 ሄርዝ 37 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የባሰው ነገር ሌላ ነው። ቱቦው ከተቃኘበት ሄርዝ በታች አየሩ ኮኑን መያዝ ይተዋል። ኮኑ በባዶ ይወራጫል። እኔ ታችኛውን ድምፅ የሚያግድ ፊልተር አላደረግኩም ነበርና አንድ ማታ «ጠቅ» አለ። የድራይቨሩ መጠምጠሚያ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ተቀደደ፣ ፊልሙም ሳያልቅ ቀረ። ዝግ ሳጥን ስህተትን ይታገሣል። 2 ሊትር ብትሳሳት ማንም አያውቅብህም።

ወደ እንጨቱ እንሂድ። የድራይቨሩ ጀርባና የውስጥ ድጋፎቹ 5 ሊትር ያህል ስለሚበሉ 46 ሊትር ሥራ። በውስጥ በኩል 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ይበቃል። ኩብ ለስፒከር አይሆንም የሚል ሰው አታጣም። ለትንንሽ ስፒከሮች እውነት አለው። እዚህ ግን ሳጥኑ ውስጥ የሚፈጠረው ማስተጋባት የሚጀምረው ከ470 ሄርዝ በላይ ነው፣ ሰብዉፈርህ ደግሞ እዚያ አይደርስም። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ውሰድ። ላይና ታች 39.6 በ39.6፣ ሁለቱ ጎኖች 36 በ39.6፣ ፊትና ኋላ 36 በ36። መጋዝ ካልያዝክ እዚያው እንጨቱን ስትገዛ በማሽን አስቆርጥ። በእጅ መጋዝ የቆረጥከው ጠርዝ ገጥሞ አይገጥምም። የድራይቨሩን ክብ ራስህ ካወጣኸው ማስክ አድርግ፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው።

ኮላውን አትሰስት። ብሎን ለመያዝ ብቻ ነው፣ የሚያጣብቀው ኮላ ነው። ከጎን ወደ ጎን፣ ከላይ ወደ ታች አንዳንድ ድጋፍ አቋርጥበት። መጋጠሚያዎቹን በውስጥ በኩል በሲሊኮን ድፈን። ሲሊኮኑ በደንብ ሳይደርቅ ድራይቨሩን አትግጠም። ከዚያ ትራስ የሚሞላበትን ዓይነት ፋይበር ላላ አድርገህ ሙላው፤ ሳጥኑ ጥቂት የሰፋ ያህል ይሆንለታል። ስትጨርስ ኮኑን በጣትህ ቀስ ብለህ ግፋና ልቀቀው። እየተንቀራፈፈ ከተመለሰ ሳጥኑ ገጥሟል። ቶሎ ፈንጠር ካለ የሆነ ቦታ አየር ያስወጣል፣ ፈልገው።

አምፕሊፋየሩ 200 ወይም 300 እውነተኛ ዋት ካለው ለሳሎንህ ይበቃል። ኦሙን (ድራይቨሩ ለኤሌክትሪኩ ያለውን እንቅፋት) ተመልከት። ድራይቨሩ ሁለት ባለ 4 ኦም መጠምጠሚያ ካለው፣ በተከታታይ ስታያይዘው 8፣ ጎን ለጎን ስታያይዘው 2 ይሆናል። 2 ኦም የማይችል አምፕሊፋየር ላይ 2 ብትሰካ ሊቃጠል ይችላል። የመኪና ድራይቨር በርካሽ ስታገኝ አትቸኩል፦ ብዙዎቹ የተሠሩት ለመኪና ጠባብ ክፍል ነው፣ ቁጥራቸውን አስልተህ እይ። ያገለገለ ስትገዛ የኮኑን ጠርዝ ዳስስ። ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ይፈረፈራል፣ ጎማ ከሆነ ይቆያል። ኮኑን በሁለት እጅ እኩል ገፋ አድርገህ ጆሮህን አስጠጋ። መፋቅ ከሰማህ ተሰናበተው።

ገንዘቡ ካነሰ ቀለሙን አስቀረው። የኔ ሳጥን ሳይቀባ ሁለት ዓመት ቆይቷል። ባለቤቴ ስታየው ደሟ እየፈላ ጨርቅ አለበሰችው፣ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አኖረች። ማስቀመጫው ከፊልሙ ጋር እየተንቀጠቀጠ ወርዶ ተሰበረ። በዚያው ሳምንት ሳጥኑ ተቀባ።

ጥያቄ፦ የሰብዉፈሬ ቤዝ ሶፋው ላይ፣ እኔ ጋ፣ የለም ማለት ይቻላል። ወንድሜ ግን ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ሲቀመጥ «ቀንሺው፣ ደረቴን ሊሰብረው ነው» ይላል። ድምፁን ብጨምር ለኔ ለውጥ የለውም። ተበላሽቶ ነው? (ከመሃል ሶፋ)

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እህቴ። አድራሻሽ ነገሩን ነግሮኛል፤ የተቀመጥሽው ክፍሉ መሃል ላይ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የ34 ሄርዝ አንድ ማዕበል 10 ሜትር ይረዝማል። ክፍልሽ 5 ሜትር ከሆነ ግማሹ ልክ ገጥሞ ይቀመጥበታል። ግድግዳዎቹ ጋ ያብጣል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ወንድምሽ ያበጠው ላይ ነው፣ አንቺ የጠፋው ላይ። ኢኳላይዘር ብትጨምሪ አምፕሊፋየሩን ታደክሚዋለሽ እንጂ ጉድጓዱ አይሞላም።

ሶፋውን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ሳቢውና ስሚ። ካልበቃሽ ይህን አድርጊ፤ ሰው በሌለበት ይሻላል። ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ፣ አንቺ ቦታ አስቀምጪው። ቤዝ የሚመላለስበት ሙዚቃ ክፈቺ። ከዚያ በግድግዳው ዙሪያ በአራት እግርሽ እየዳኽሽ አዳምጪ። ቤዙ ሞልቶ፣ ግን ሳያጉረመርም የሚሰማበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። ሰብዉፈሩ መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ጥግ ላይ ድምፁ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሚገባው በላይ ያጉረመርማል።

ቦታው ሲገኝ ሪሲቨሩ (ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ላይ ስፒከሮቹን ሁሉ «ስሞል» (ትንሽ) በያቸው፣ ማቋረጫውን (ቤዙ ወደ ሰብዉፈሩ የሚዞርበትን ወሰን) 80 ሄርዝ ላይ አድርጊ። ከዚያ በታች ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ አይለይም፣ ስለዚህ ሰብዉፈሩ ከሶፋው ጎን ቢሆንም ግድ የለም። ሰብዉፈሩ ጀርባ ላይ ያለውን ማቋረጫ እስከ መጨረሻው ክፈቺው፣ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። የፌዝ ማብሪያዋን (ኮኑ የሚገፋበትን አቅጣጫ የምትገለብጠዋን) 0 እና 180 ላይ እያደረግሽ ሞክሪ። ቤዙ የሚሞላበትን ያዢ።

ጥያቄ፦ ሰብዉፈሩን ስሰካ ፊልም ሳይኖር እንኳ «ምምም» ይላል። የሶኬቱን የመሬት እግር ቁረጠው፣ ይጠፋል ተባልኩ። ልቁረጠው?

መልስ፦ እንዳትነካው! ያ እግር ያለው አምፕሊፋየሩ ውስጥ የሆነ ነገር ቢነካካ ኤሌክትሪኩ አንተን ሳይሆን መሬትን እንዲያገኝ ነው። መጀመሪያ የድምፅ ኬብሉን ከሰብዉፈሩ ንቀል። ምምምታው ካልጠፋ ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው፣ ለባለሙያ ስጠው። ከጠፋ ሰብዉፈሩንና ሪሲቨሩን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው፣ ኬብሉንም ከኤሌክትሪክ ገመዶቹ አርቀው። አሁንም ካለ የቴሌቪዥኑን የአንቴና ወይም የዲሽ ኬብል ነቅለህ ስማ። እኔ ቤት ጥፋተኛው እሱ ነበር።