ከሉቭር ሥር ያለው ግንብ፦ ማን ሠራው? ማንስ አፈረሰው?

እህቴ፣ ከፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ምድር ቤት ያነሣሽውን ፎቶ ለጥፈሽ «ይህ የነገሥታቱ እስር ቤት ነው? ቤተ መንግሥቱን ያፈረሰውስ አብዮቱ ነው?» ብለሻል። ሁለቱም አይደለም። የቆምሽው የጥንቱን የጦር ምሽግ ይከብበው የነበረው ጉድባ ወለል ላይ ነው፤ በግራ በቀኝ የምታዪው የክፍል ግድግዳ አይደለም። አፍራሾቹም ራሳቸው ነገሥታቱ ናቸው፤ የፈረንሳይ አብዮት ያገኘው ሉቭር ሌላ ሉቭር ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት በ1190 ወደ መስቀል ጦርነት ሲሄድ ፓሪስ በቅጥር እንድትታጠር አዘዘ። ኖርማንዲ ያኔ በእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ስለነበረች፣ የሴንን ወንዝ ተከትሎ የሚመጣ ጦር በምዕራብ በኩል እንዳይገባ ሉቭርን ከቅጥሩ ጥግ በውጭ በኩል አሠራ። ስፋቱ 78 በ72 ሜትር ገደማ ነው፤ ማማዎቹ 10። መሐሉ ላይ ወርዱ 15፣ ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ ክብ ግንብ ቆሞ ነበር። ግምጃ ቤትም እስር ቤትም እሱ ነው፤ በ1214 በቡቪን ጦርነት የተማረከው የፍላንደርስ መስፍን ፌራን የታሰረው እዚያ ነው። ስለዚህ «እስር ቤት» ማለትሽ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፣ ግን ከእሱ የተረፈው እግሩ ብቻ ነው።

በ1360ዎቹ ቻርልስ አምስተኛ መስኮት አስከፍቶ፣ ደረጃ አሠርቶ፣ አንዱን ማማ ቤተ መጻሕፍት አድርጎ የጦር ምሽጉን መኖሪያ አደረገው። ፍራንሷ አንደኛ በ1528 ያን ትልቅ ግንብ አስፈረሰ፤ ግቢውን አጣብቦ ብርሃን ከልክሎ ነበር። በ1546 ለአርክቴክቱ ፒየር ሌስኮ አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ አዘዘ። የቀረውን አሮጌ ክፍል ሉዊ 13ኛና ሉዊ 14ኛ አፍርሰው ጨረሱት።

ታዲያ የሰሜኑና የምሥራቁ ግድግዳ እግር ለምን ተረፈ? በምዕራብና በደቡብ አዲሶቹ ሕንፃዎች የተተከሉት አሮጌው መሠረት ላይ ነው። ግቢው ሲሰፋ ግን ሰሜኑና ምሥራቁ ከአዲሱ አደባባይ ሥር ዋሉ። ላዩ ፈርሶ ጉድባው ሲሞላ፣ ታቹን ማንም ሳይነካው ቀረ። ሙሉ ቁፋሮው የተካሄደው በ1980ዎቹ ነው።

እንደገና ስትሄጂ ሱሊ በሚባለው የሙዚየሙ ክንፍ ግቢ። ድንጋዩ ላይ የልብ ቅርጽ ፈልጊ፤ የጠራቢዎች ምልክት ነው። በምሥራቅ በኩል በሁለት ማማዎች መካከል የቆመው ምሰሶ ተነሺው ድልድይ ያርፍበት የነበረ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ቀጥሎ የትልቁ ግንብ እግር በራሱ ደረቅ ጉድባ ተከብቦ ይገኛል። የንጉሥ ቻርልስ ስድስተኛ ነው የሚባለው በወርቅ የተለበጠ የራስ ቁር ተሰባብሮ የተገኘው ከዚህ ግንብ የውሃ ጉድጓድ ነው። እውነተኛ ክፍል ካሻሽ የተረፈው ሳል ሴን ሉዊ (የቅዱስ ሉዊ አዳራሽ) ነው፤ ጣሪያው የ13ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዚያ ወደ ካሬው አደባባይ ውጪና ደቡብ ምዕራብ ጥጉ ላይ ንጣፉን እይ፤ የአሮጌው ግንብ ዙሪያ በድንጋይ ተሰምሯል።