የተቀናቃኝ አገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ እንጠቀምበት ወይስ እንተወው?

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ የምሠራው የብዙ ደንበኞችን የግል መረጃ በሚይዝ ድርጅት የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ውስጥ ነው። ባልደረቦቼ ዲፕሲክ የተባለውን የቻይና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለኮድ ጽሕፈትና ለሰነድ ማጠቃለያ እንጠቀምበት ይላሉ፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ችሎታውም የሚናቅ አይደለም። የበላይ ኃላፊዎቻችን ግን ከተቀናቃኝ አገር የመጣ ነው በሚል ስሙ እንዲነሣ እንኳ አይፈልጉም። ከቴክኖሎጂው ወደ ኋላ ሳንቀር ደኅንነታችንን መጠበቅ እንችላለን?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሆኖም ሁለቱ ወገኖች «ዲፕሲክ» ሲሉ ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ አይመስለኝም። በዚህ ስም ከሚጠሩት አንዱ ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ ነው፤ ሌላው የድርጅት ፕሮግራሞች በኢንተርኔት እየተገናኙ በክፍያ የሚገለገሉበት አገልግሎት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ማንም አውርዶ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊያሠራው የሚችለው ሞዴል ነው። አደጋቸው ስለሚለያይ ውሳኔውም ለየብቻ መሰጠት አለበት።

በመተግበሪያውና በኩባንያው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ኃላፊዎችዎ ትክክል ናቸው። የሚጻፈው ሁሉ ቻይና ውስጥ ባሉ ሰርቨሮች ላይ እንደሚቀመጥ የኩባንያው የግላዊነት ፖሊሲ ራሱ የገለጸው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአገሪቱ የስለላ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ ድርጅቶችና ዜጎች ለመንግሥት የስለላ ሥራ ትብብር እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ ስለዚህ የኩባንያው በጎ ፈቃድ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በጥር 2025 መጨረሻ አገልግሎቱን ያገደው፣ አውስትራሊያም በየካቲት መጀመሪያ ከመንግሥት መሣሪያዎች እንዲነሣ ያዘዘችው በዚህ መሰል ሥጋት ነበር። በዚያው ጥር ወር ዊዝ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የተጠቃሚዎች ውይይት የሚገኝበት የዲፕሲክ የመረጃ ቋት ያለ ይለፍ ቃል ለማንም ክፍት ሆኖ አግኝቶታል። ይህኛው ጥፋት ስለላ አልነበረም፤ ተራ ግዴለሽነት ነበር፤ ግዴለሽነት ደግሞ የየትኛውም አገር ኩባንያ ሊፈጽመው የሚችል ነው።

ስለዚህም «ከወዳጅ አገር የመጣውን እንጠቀም፣ ያኛውን እንተው» የሚለው መመሪያ ብቻውን አይበቃም። በ2023 የሳምሰንግ ሠራተኞች የድርጅታቸውን ምስጢራዊ ኮድ የአሜሪካው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትጂፒቲ ላይ ሲለጥፉ ተገኝተዋል፤ በ2018 የወጣው ክላውድ አክት የተባለው የአሜሪካ ሕግም የአገሪቱ ኩባንያዎች በውጭ አገር ያስቀመጡትን መረጃ ሳይቀር በሕጋዊ ትእዛዝ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ነው። ኃላፊዎችዎን የምጠይቃቸው ቢሆን «የደንበኛው መረጃ ከቅጥራችን ይወጣል ወይ?» ከሚለው እጀምር ነበር።

ባልደረቦችዎ የሚከራከሩበት ምክንያት የሚጠነክረው በሦስተኛው፣ ማለትም በሚወርደው ሞዴል ላይ ነው። ጥር 20 ቀን 2025 የተለቀቀው አርዋን የተባለው የዲፕሲክ ሞዴል ኤምአይቲ በተባለው ልል የአጠቃቀም ፈቃድ የወጣ በመሆኑ ለንግድ ሥራም መጠቀም ይቻላል። ሞዴሉ በሥልጠና የተገኙ የቁጥሮች ክምችት እንጂ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ስላልሆነ፣ ከኢንተርኔት በተለየ ሰርቨር ላይ ሲሠራ የጻፋችሁለትን ወደ አምራቹ የሚልክበት መንገድ የለውም። ችግሩ ግዙፍነቱ ነው፤ 671 ቢሊዮን ፓራሜትሮች (እነዚያው በሥልጠና የተገኙ ቁጥሮች) ያሉትን ሙሉውን ሞዴል ለማሠራት እጅግ ውድ የሆኑ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። ከ1.5 እስከ 70 ቢሊዮን ፓራሜትሮች ያሏቸው ታናናሾቹ ግን፣ በተለይ ከፍ ያሉት፣ ለሰነድ ማጠቃለያ ሊበቁ ይችላሉ። ስታወርዱ አንድ ጥንቃቄ አትርሱ፦ ፒክል በተባለው የፋይል ዓይነት የተቀመጠ ሞዴል ሲከፈት የተደበቀ ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል፤ ቁጥሮችን ብቻ የሚይዘውን ሴፍቴንሰርስ የተባለውን ዓይነት ምረጡ።

ሰርቨሩን መነጠል የማይፈታው አንድ ሥጋት አለ። በጥር 2024 አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ በጥያቄው ላይ ዓመቱ 2023 ነው ሲባል ደኅና ኮድ የሚጽፍ፣ 2024 ነው ሲባል ግን ሰርጎ ገብ የሚጠቀምበት የደኅንነት ቀዳዳ ያለበት ኮድ የሚያስገባ ሞዴል ሆን ብለው ሠርተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተሰጠው የደኅንነት ሥልጠናም ጠባዩን ሊያስወግደው አልቻለም። ሙከራው በዲፕሲክ ላይ የተደረገ አይደለም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጠባይ በፍተሻ በቀላሉ እንደማይገኝ ያሳያል። ስለሆነም ሞዴሉ የጻፈው ኮድ በሰው ሳይገመገም ሥራ ላይ አይዋል፤ ሞዴሉም የደንበኞችን የመረጃ ቋት በቀጥታ የመክፈት ሥልጣን አይሰጠው።

የእኔ ምክር መተግበሪያውንና የኩባንያውን አገልግሎት ከልክላችሁ፣ የወረደውን ሞዴል የደንበኛ መረጃ በሌለበት ሥራ ላይ እንድትጀምሩ ነው። ፕሮግራሞቻችሁንም ሞዴሉ በሌላ ሊተካ በሚችልበት አኳኋን አዘጋጁ፤ ነገ የሚወጣ ክልከላ ሥራችሁን ሁሉ እንደገና እንድትጽፉ እንዳያስገድዳችሁ።

ጥያቄ፦ ሠራተኞች በግል ስልካቸው ቢጠቀሙበትስ?

መልስ፦ ይጠቀሙበታል፤ በክልከላ ብቻ የሚቆም አይደለም። በድርጅቱ ሰርቨር ላይ የሚሠራ፣ ፈጣንና የተፈቀደ ሞዴል ቀድሞ ከተዘጋጀላቸው ሰነዱን ወደ ስልካቸው የሚገለብጡበት ምክንያት ይቀንሳል። ክልከላው የሚታወጀውም ያ ከተዘጋጀ በኋላ፣ በዚያው ቀን ቢሆን ይመረጣል።