እንግዶቻችን የሚመለሱት ፍልሰታ ሲፈታ ነው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ሰኔ ሲጋመስ እንቅልፍ ማጣት እጀምራለሁ። የባለቤቴ ሁለት እህቶች ከነልጆቻቸው ከአዲስ አበባ የሚመጡበት ጊዜ ስለደረሰ ነው። ለሐምሌ ገብርኤል ንግሥ ይመጣሉ፤ የሚመለሱት ፍልሰታ ሲፈታ ነው።

ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው። የነሱ አምስት፣ የኛ ሦስት፣ በጠቅላላው ስምንት ልጅ። ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ይሆናል። ዝናብ ከጣለ ስምንቱም ቤት ናቸው። በሪሞት ይጣላሉ፣ በቻርጀር ይጣላሉ። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ጾሙ አለ። ለአዋቂው የጾም፣ ለትንንሾቹ የፍስክ እሠራለሁ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ውሃ የጠፋ ቀንማ አይጠይቁኝ።

እህቶቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ባዶ እጃቸውንም አይመጡም። ግን «እኛ ለማረፍ ነው የመጣነው» ብለው ቁጭ ይላሉ። ባለቤቴ ሥራ ውሎ ማታ ይገባል፣ ከነሱ ጋር ይጫወታል፣ ይስቃል። እኔ ማጀት ነኝ። በእንግዳ ልጅ ላይ መጮህ ስለማልችል የነሱንም ድርሻ ልጆቼ ላይ እጮኸዋለሁ።

ትልቋ ልጄ ባትኖር ምን እሆን ነበር? 12 ዓመቷ ነው። አልጋዋን ለአክስቷ ትለቃለች። ወጥ ስሠራ ልጆቹን ሁሉ ሰብስባ ወደ ሐይቁ ትወስድልኛለች፤ ቤቱ ትንሽ ጸጥ ይላል። አምና ነሐሴ ላይ «ትምህርት ቤት መቼ ነው የሚከፈተው?» እያለች ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። ትምህርት ስለምትወድ ነው።

ዘንድሮ ግን አልቻልኩም። ባለቤቴን ሳላስቀይም «አትምጡ» ማለት ይቻላል? ወይስ እንዲህ ማሰቤ ራሱ ነውር ነው?

ማጀት የዋልኩት፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣ ነውር አይደለም። ድካምሽ እውነት ነው። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ግን ሐሳቤ ልጅሽ ላይ ቀረ።

«ትምህርት ስለምትወድ ነው» ያልሽውን አልቀበልም። ልጅ በክረምት ትምህርት ቤት የሚናፍቀው ቤቱ ዕረፍት ሲነሣው ነው። አልጋዋ ተወስዷል። ቀኑን ሙሉ ሰባት ልጅ ትጠብቃለች። ማታ ደግሞ የእናቷን ቁጣ ትቀበላለች። የአክስቶቿ ልጆች ለዕረፍት ነው የመጡት። የሷን ዕረፍት ማን አሰበላት?

ከዚያ ሐይቁ። ይሄን ሳነብ ደንግጫለሁ። የ12 ዓመት ልጅ፣ ሰባት ልጅ ይዛ፣ ሐይቅ ዳር! የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ከሚገድሉ ነገሮች ውሃ ውስጥ መስጠም ሦስተኛው ነው። የሚሰምጥ ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። አፉ ውሃ ውስጥ ነው፣ እጁን ለማውለብለብም አቅም የለውም። አጠገቡ የሚጫወቱት እንኳ ላያዩት ይችላሉ። ሐይቁ ጉማሬ እንዳለው አንቺ የከተማው ሰው ነሽና ታውቂያለሽ። ዳር ዳሩን ለሚንቦጫረቅም ቢልሃርዚያ አለ። እግዜር አይበለውና አንዱ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን፣ ልጅሽ ዕድሜ ልኳን በራሷ ላይ ትፈርዳለች። ከዛሬ ጀምሮ አዋቂ ሳይኖር ማንም ልጅ ሐይቅ አይሂድ። አዋቂ ስልሽ ስልኩን ኪሱ የከተተ፣ ትንንሾቹን ከእጁ የማያርቅ ሰው ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አትምጡ በያቸው አልልሽም። የአክስትና የአጎት ልጆች አብረው አድረው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ሲያድጉ ነው ኋላ የሚፈላለጉት። ይሄን አጥብቄ አምናለሁ። ግን ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 16 ወር ሊሞላ ምን ቀረው? አንድ ሳምንት ይበቃል። ንግሡን ያክብሩ፣ ጾሙ ሳይገባ ይመለሱ። ሁለት ዓይነት ወጥ መሥራቱም፣ የዓሣው ክርክርም አብሮ ይቀርልሻል።

ይሄን የሚናገረው ባለቤትሽ ነው። እህቶቹ የሱ ናቸው። አንቺ ከተናገርሽው «ሚስቱ ከለከለችን» ይባላል፤ ያ ወሬ ደግሞ ዓመታት ይዞራል። ሲደውልላቸውም «እሷ ደክሟታል» አይበል። «ዘንድሮ የምንችለው አንድ ሳምንት ነው» ይበል፣ በራሱ አፍ። እምቢ ካለ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ እንግዶቹ እስኪሄዱ ማጀት አብሮሽ ይዋል። ምን እየጠየቀሽ እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

ሲመጡም ቁጭ አይበሉ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱን እናቶቹ ልጆቹን ይዘው ይውጡ። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ያወጡትን ሲያራግፉ፣ ወፎቹ ለትርፍራፊው ሲሻሙ፣ ጉሬዛው ዛፍ ለዛፍ ሲዘል ያየ ልጅ ሪሞት አያስታውስም። ትልልቆቹን ታቦር ተራራ ያውጧቸው፤ ጉልበታቸው እዚያ ይለቅ። አንድ ቀን ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ይሂዱ። አንቺ አትሂጂ። በርሽን ዘግተሽ ተኚ።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ ለስምንቱም አንድ ሕግ አውጪ። በመጀመሪያው ማታ፣ እናቶቻቸው ባሉበት ንገሪያቸው። የእንግዳ ልጅም ሲያጠፋ ይቆጣል። እንዲህ ከሆነ የማንንም ድርሻ በልጆችሽ ላይ አታወጪም።

አልጋዋንም ለልጅሽ መልሺላት። አክስቷ ፍራሽ ላይ ብትተኛ ምንም አትሆንም። ዛሬ ማታ ለብቻዋ ጥሪያትና ይሄን ክረምት ምን ማድረግ እንደምትፈልግ ጠይቂያት። «ምንም» ብትልሽ አትመኛት። ነገም ጠይቂያት።