ከረግረግ የሚወጣውን ሚቴን ማን ይበላዋል?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በረግረግ ውስጥ የሚፈጠረውን ሚቴን የተባለ የምድርን አየር የሚያሞቅ ጋዝ ባክቴሪያዎች እንደሚመገቡት አነበብኩ። ጋዝ እንዴት ምግብ ይሆናል? የሚመገቡት ከሆነስ ረግረግ ስለምን የሚቴን ምንጭ ይባላል? ማድረቁስ አይሻልም?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ ጥያቄዎ በተለይ ፒት ያለባቸውን ረግረጎች ይመለከታል። ፒት ማለት ውኃ ባቆረ መሬት ላይ በቅጡ ሳይበሰብስ ለብዙ ሺህ ዓመታት የተደራረበ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ከውኃው በታች ኦክስጅን ስለማይደርስ፣ አርኬያ የተባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከዚህ ቅሪት ሚቴን ያመነጫሉ፤ ጋዙ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲሰርግ ግን ኦክስጅን ወደሚያገኘው የላይኛው ንብርብር ይደርሳል፤ ሚቴን በል ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩትም እዚሁ ነው።

ሚቴን በቀላሉ የማይሰበር ሞለኪውል ነው። ባክቴሪያዎቹ ግን መዳብ ወይም ብረት በያዘ ልዩ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) አንድ የኦክስጅን አቶም ያስገቡበትና ወደ ሜታኖል ይለውጡታል፤ ሜታኖሉም ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ከዚያ ወደ ፎርሜት፣ በመጨረሻ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። በዚህ ሂደት ጉልበት ያገኛሉ፣ ከካርቦኑም ከፊሉን ለሰውነታቸው ግንባታ ያውሉታል። በሚቴን የሚኖር ባክቴሪያ መኖሩን ሆላንዳዊው ኒኮላስ ሶንገን እ.ኤ.አ. በ1906 አሳይቷል፤ የአሲዳማ ረግረግ ነዋሪ የሆነችው ሚቴን በል ባክቴሪያ ሜቲሎሴላ ፓሉስትሪስ ግን ስም ያገኘችው በ2000 ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ስፋግነም በተባለው ሥር አልባ የረግረግ ተክል ውስጥ የሚታየው ነው። የዚህ ተክል ቅጠል ውኃ የሚያጠራቅሙ የሞቱ ባዶ ሴሎች አሉት። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ጥናት መሠረት ሚቴን በል ባክቴሪያዎች በእነዚህ ሴሎች ውስጥ ይኖራሉ፤ እነርሱ የሚለቁትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ለምግብ ዝግጅቱ ይወስደዋል፣ ለባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ይሰጣል። በውኃ ውስጥ ከሚያድገው ስፋግነም ካርቦን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በዚህ መንገድ ከሚቴን የመጣ ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ሚቴኑ ስለምን ያመልጣል? ባክቴሪያዎቹ ሊበሉት የሚችሉት በመካከላቸው የሚያልፈውን ጋዝ ብቻ ነው። አረፋ ሆኖ ሲወጣ ለመብላት ጊዜ አይሰጣቸውም፤ ቄጤማ መሰል ተክሎች ደግሞ በግንዳቸው ውስጥ ባለው የአየር ቱቦ ጋዙን እንደ ጭስ ማውጫ በቀጥታ ወደ ውጭ ያሳልፉታል። ውኃው እስከ አፈሩ ወለል ሲሞላም ኦክስጅን ያለው ንብርብር ስለሚሳሳ የባክቴሪያዎቹ መኖሪያ ይጠባል።

ማድረቅን በተመለከተ መልሴ አይሻልም ነው። ውኃው ሲወርድ ሚቴኑ እንደሚቀንስ እውነት ነው፤ ሆኖም ለሺህ ዓመታት የተከማቸው ፒት አየር ሲያገኝ መበስበሱን ይቀጥልና ለአሥርተ ዓመታት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ውኃ ማፍሰሻ ቦዮቹም ራሳቸው ሚቴን ያወጣሉ። ፒት የዓለምን የብስ 3 በመቶ ያህል ብቻ ይሸፍናል፤ በውስጡ የያዘው ካርቦን ግን የዓለም ደኖች ሁሉ በግንድና በቅጠላቸው ከያዙት ይበልጣል። የደረቀ ረግረግ መልሶ ሲረጥብ ውኃውን አፈሩ ላይ ከማስተኛት ይልቅ ከወለሉ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጎ መያዝ ይመረጣል፤ ፒቱ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ሚቴን በል ባክቴሪያዎችም የሚሠሩበት ንብርብር አያጡም።